ክሎድ ሞኔና የዢቬርኒው ኩሬ

እ.ኤ.አ. በማርች ወር 1893 ለፈረንሳይ የኧር አውራጃ ገዥ አንድ የውኃ ፈቃድ ማመልከቻ ቀረበ። አመልካቹ ዢቬርኒ በምትባል የገጠር መንደር የሚኖር የ52 ዓመት ሰው ነበር። የጠየቀውም ነገር ለማኅበራችን አባሎች እንግዳ አይደለም። ከኤፕት ወንዝ ተከፍሎ በመንደሩ ግርጌ ከሚያልፈው፣ ሩ ተብሎ ከሚጠራው ጠባብ ቦይ ውኃ ጠልፎ፣ በዚያው ዓመት በገዛው መሬት ላይ ሊሠራ ወዳሰበው ኩሬ ለማስገባት፣ ውኃውንም በሚከፈትና በሚዘጋ በር ለመቆጣጠር፣ በቦዩም ላይ ሁለት ትንንሽ የእግረኛ ድልድዮች ለመዘርጋት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ። ሰውዬው ሊተክላቸው ያሰባቸው የባዕድ አገር አትክልቶች ውኃውን ይመርዙብናል፤ ልብስ የምናጥብበትና ከብት የምናጠጣበት ቦይ ይበላሽብናል አሉ። በውኃ ሥራ ላይ የተሰማራን ሁሉ ይህን ክርክር በየሄድንበት ሰምተነዋል። አመልካቹ በመጀመሪያ ተቈጣ፤ ቀጥሎ ብዕሩን አለዝቦ፣ አትክልቶቹ ለዓይን ደስታና ለሥዕል ሥራው ብቻ የሚያገለግሉ መሆናቸውን ለገዥው አስረዳ፤ በጁላይ ወርም ፈቃዱን አገኘ።

ይህ ሰው ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ነበር። የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ምናልባት ስለ አንድ ድልድይ ወይም ግድብ ሠሪ እንደምጽፍ ጠብቀው ይሆናል። ሞኔን የመረጥሁት ስለ ሥዕል ጥበብ ዐዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም። ይህ ሰው ሐዘን በደረሰበት ጊዜ ሁሉ ምን እንዳደረገ በሚገባ ስለሚታወቅና፣ ካደረገውም ነገር ብዙው ውኃ መጥለፍ፣ አፈር ማስቆፈርና ቤት ማሠራት ስለ ሆነ ነው።

ሞኔ በ1840 በፓሪስ ተወለደ፤ ያደገው ግን ሴን ወንዝ ከባሕር በሚገናኝባት በለሀቭር የወደብ ከተማ ነው። አባቱ ነጋዴ ነበር። ልጁ የመምህራኑን መልክ እያጣመመ በደብተሩ ላይ መሣል ስለሚወድ፣ ጥቂት ቆይቶ የከተማውን ሰዎች አስቂኝ ሥዕል እየሠራ መሸጥ ጀመረ። በ1857 እናቱ ስትሞት 16 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዘመን ገደማ ኦዤን ቡደን የሚባል የአካባቢው ሠዓሊ ከቤት አስወጥቶ፣ በሜዳና በባሕር ዳር ቆሞ ሰማይና ውኃ መሣልን አስተማረው። የእናት ሐዘንና የሜዳ ትምህርት ተቀራርበው መምጣታቸው አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል፣ ከዚህ ብዙ ትርጉም ለመጭመቅ አልሞክርም። የለሀቭርን ወደብ በማለዳ ጭጋግ የሚያሳየው ሥዕሉ በ1874 ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ አንድ ተቺ ለማፌዝ ያወጣው ስም፣ ኢምፕሬሽኒዝም፣ ለአንድ ሙሉ የሥዕል ስልት መጠሪያ ሆኖ መቅረቱንም ብዙዎች ስለ ጻፉበት አልፈዋለሁ።

ካሚይ ዶንሲዩ ሞኔን ያገኘችው በ18 ዓመቷ ነው። በብዙ ሥዕሎቹ ውስጥ የምትታየው ሴት እርስዋ ናት። በ1867 ዣን የሚባል ልጅ ወለዱ፤ በ1870 ተጋቡ። ሥዕል የማይሸጥበት ዘመን ስለ ነበር ኑሯቸው ከዕዳ አልወጣም። በ1878 ሁለተኛው ልጃቸው ሚሼል ከተወለደ በኋላ፣ ከሴን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቬተይ መንደር ቤት ተከራዩ። ብቻቸውን አልነበሩም። የሞኔን ሥዕሎች ይገዛ የነበረው ባለጸጋ ነጋዴ ኤርኔስት ኦሽዴ በ1877 ከስሮ ስለ ነበር፣ ከሚስቱ ከአሊስና ከስድስት ልጆቻቸው ጋር አብሮ ገባ። ካሚይ ግን ጤና አላገኘችም። ታማ ቆይታ በሴፕቴምበር 5 ቀን 1879 በ32 ዓመቷ ሞተች።

በዚያን ቀን ሞኔ ያደረጋቸው ሁለት ነገሮች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ፓሪስ ለሚኖር አንድ ወዳጁ ደብዳቤ መጻፉ ነው። ካሚይ የነበራት ብቸኛ መታሰቢያ፣ በችግር ጊዜ በመያዣነት የተሰጠ አንድ የአንገት ሜዳሊያ ነበርና፣ ከመቀበሯ በፊት በአንገቷ እንዲያደርግላት ከመያዣ ቤቱ እንዲያስለቅቅለት ለመነው። ሁለተኛው ብሩሽ ማንሣቱ ነው። በአልጋዋ ላይ እንዳለች፣ ነጭ ሻሽ እንደ ጉም ከቧት፣ ፊቷ ወደ ሰማያዊና ወደ ግራጫ ሲለወጥ ሣላት። ይህ ሥዕል ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ሞኔ ግን አልሸጠውም፤ እስኪሞት ድረስ ከራሱ አላራቀውም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ለወዳጁ ለዦርዥ ክሌማንሶ ሲያወጋ፣ እጁ ሳይታዘዝ ሞት በፊቷ ላይ የሚያሳርፈውን የቀለም ለውጥ እየመዘነ ራሱን እንዳገኘው፣ በዚህም እንደ ደነገጠ፣ ራሱንም ወፍጮ ከሚያዞር እንስሳ ጋር እንዳመሳሰለ ነግሮታል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሲያነቡ ልበ ደንዳና ይሉታል። እኔ ግን ሰው ሌላ የሚያውቀው ነገር ሲጠፋበት እጁ የለመደውን እንደሚይዝ አድርጌ ነው የማየው።

የዚያ ዓመት ክረምት በፈረንሳይ እጅግ የከፋ ነበር። በዲሴምበር ወር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ አለፈ፤ ሴንም ከዳር እስከ ዳር ረጋ። በጃንዋሪ መጀመሪያ 1880 አየሩ በድንገት ሞቅ ሲል በረዶው ተሰነጣጠቀ፤ ወንዙም ግንድና ግንብ የሚያህል በረዶ እያግበሰበሰ ወረደ። ሞኔ ሸራውን ተሸክሞ ወደ ወንዙ ዳር ወጣ። በዚያ ሰሞን የሣላቸው ከደርዘን በላይ ሥዕሎች ሰው የለባቸውም፤ የተሰበረ በረዶ፣ ጥቁር ውኃ፣ ራቁቱን የቆመ ዛፍና ሐመር ሰማይ ብቻ ናቸው። ሚስቱ ከሞተች ገና አራት ወር ነበር። በሐዘን ስለ መሆኑ በሥዕሉ ላይ አንድም ምልክት አላኖረም፤ የሚያየውን ውኃ ብቻ ሣለ።

ስለ ራሴ ጥቂት ብናገር አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ ሲሞት፣ የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ በኋላ ወደ መስክ ሥራዬ ተመለስሁ። ሥራው የአንድ ትንሽ ወንዝ ፍሰት መለካት ነበር። በተለካ ርቀት ላይ እንጨት አንሳፎ ሰከንድ መቁጠር ነው፤ ሦስት ጊዜ ቢደገም ይበቃል። እኔ ቀኑን ሙሉ ስደጋግመው ዋልሁ። አብሮኝ የነበረው የመስክ ሠራተኛ አንድም ቃል ሳይናገር እንጨቱን ከታች እያነሣ ሲመልስልኝ ዋለ። የሞኔን የበረዶ ሥዕሎች መጀመሪያ በመጽሐፍ ላይ ባየሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ ያ ቀን ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሞኔ በ1883 ከልጆቹ፣ ከአሊስና ከልጆቿ ጋር ወደ ዢቬርኒ ሄዶ ቤት ተከራየ፤ ሥዕሉ መሸጥ ሲጀምርም በ1890 ገዛው። ኤርኔስት ኦሽዴ በ1891 ስለ ሞተ በሚቀጥለው ዓመት አሊስን አገባ። ከዚያ በኋላ ነው ከአጥሩ በታች፣ ከመንገዱና ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለውን ረግረጋማ መሬት ገዝቶ በመጀመሪያ ወዳነሣሁት ማመልከቻ የደረሰው። በ1889 በፓሪስ በተደረገው፣ የኤፌል ግንብ በተሠራለት የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ፣ ላቱር-ማርሊያክ የሚባል አትክልተኛ የቀዝቃዛ አገሩን ነጭ የውኃ አበባ ከሞቃት አገር ዘሮች ጋር አዳቅሎ ያገኛቸውን ቢጫና ቀይ አበባዎች አሳይቶ ነበር። ሞኔ ያዘዘው ከዚህ ሰው ነው። የበሩም ምክንያት ይኸው ነበር። አበባዎቹ የረጋና ሞቅ ያለ ውኃ ስለሚወዱ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውኃ መመጠን ያስፈልጋል፤ ጨርሶ ከተዘጋ ደግሞ ውኃው ይበሰብሳል። በኩሬው ላይ በጃፓኖች ስልት ጎበጥ ያለ የእንጨት ድልድይ አሠራ፤ ቀለሙን ግን አረንጓዴ አደረገው።

በ1901 ተጨማሪ መሬት ገዝቶ፣ ሩን በአዲስ መስመር አዙሮ ኩሬውን አሰፋው። አንድ አትክልተኛ በየማለዳው በጀልባ እየዞረ የደረቀውን ቅጠል ይለቅም፣ በአበባዎቹ ላይ ያረፈውን አቧራ ያጥብ ነበር። አቧራው ከመንገዱ ስለሚነሣ፣ ሞኔ መንገዱን በራሱ ገንዘብ ሬንጅ አስቀባው። በጃንዋሪ 1910 ፓሪስን ያጥለቀለቀው የሴን ጎርፍ ዢቬርኒም ደርሶ የአትክልት ቦታውን ሸፈነው፤ ውኃው ሲጎድል የኩሬው ዳርቻ እንደገና ተሠራ። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሠራተኛ የሚጠይቅ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በቬተይ የነበረው ድኻው ሞኔ አንድም ኩሬ ሊያስቆፍር አይችልም ነበር፤ ያን ጊዜ የነበረው ወንዙ ብቻ ነው።

ከ1903 እስከ 1908 በዚህ ኩሬ ዳር የሠራቸውን 48 ሥዕሎች በ1909 በፓሪስ አሳየ፤ እጅግም ተወደዱለት። በዚህ ጊዜ ሁሉ ኩሬው የደስታ ቦታ ነበር። ሰዎች ሞኔ ሐዘኑን ለመርሳት የአትክልት ቦታ ሠራ ብለው ሲጽፉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኩሬው የተቆፈረው ከሐዘኑ 18 ዓመት ቀድሞ ነው።

አሊስ በደም ካንሰር ታማ በሜይ 19 ቀን 1911 ሞተች። ሞኔ 70 ዓመት አልፎት ነበር። በዚህ ጊዜ የሆነው ከቬተዩ ጋር አይመሳሰልም። ብሩሽ አላነሣም። ሥዕል እንዳስጠላው፣ ሥራውም እንዳበቃለት ለወዳጆቹ ጻፈ። ቀድሞ ከአሊስ ጋር ቬኒስ በሄደ ጊዜ የጀመራቸውን ሥዕሎች እንደ ምንም ጨርሶ በ1912 አሳየ፤ እነርሱም ውስጥ የሚያየው ስሕተት ብቻ ሆነበት። በዚያው ዓመት ሐኪሞች ሁለቱም ዓይኖቹ በሞራ መያዛቸውን ነገሩት። ቀጥሎም የበኵር ልጁ ዣን ታመመ፤ በፌብሩዋሪ 1914 በ46 ዓመቱ አረፈ።

የዣን ሚስት የነበረችው ብላንሽ የአሊስ ልጅ ናት። ስለዚህ ለሞኔ የእንጀራ ልጁም ምራቱም ነበረች፤ ከዚህም በላይ ራሷ ሠዓሊ ስትሆን በልጅነቷ ከእርሱ ጋር ሜዳ እየወጣች ሸራውን ትሸከምለት ነበር። እርስዋ ወደ ዢቬርኒ ተመልሳ ቤቱን ያዘች። ባሏን የቀበረች ሴት ልጁን የቀበረውን ሽማግሌ ስታስተዳድር፣ የእርስዋን ሐዘን ማን እንዳየላት አላውቅም። የሞኔ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ እርስዋ ከአንድ ገጽ በላይ የማይጽፉት ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ዣን ከሞተ ከሁለት ወር በኋላ፣ በኤፕሪል መጨረሻ፣ ሞኔ ከቤቱ ምድር ክፍል ውስጥ ተጥለው የነበሩ የቆዩ ሙከራዎችን አወጣ። ኩሬውን በትልቅ ልክ፣ አንድ ክፍል ዙሪያውን በሚሸፍን ሥዕል ለመሥራት ቀድሞ አስቦ ትቶት ነበር። በጁን ወር ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ እየተነሣ ቀኑን ሙሉ መሥራት ጀመረ። በኦገስት ጦርነቱ ፈነዳ። የመንደሩ ሰዎች ብዙዎቹ ሸሹ፤ ትንሹ ልጁ ሚሼልና የእንጀራ ልጁ ዣን-ፒየር ዘመቱ። ሞኔ ከሸራዎቹ ጋር ቀረ። ይህን ሁሉ ሰው ሲያልቅ እርሱ ስለ ቅርጽና ስለ ቀለም በማሰቡ እንደሚያፍር በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለአንድ ወዳጁ ጽፏል። አፈረ፤ ሥራውን ግን አላቋረጠም።

ሸራዎቹ 2 ሜትር ቁመትና 4.25 ሜትር ወርድ ስለ ነበራቸው በቀድሞው ቤት አልገቡም። ስለዚህ በ1915፣ በጦርነቱ መካከል፣ ወደ 23 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ወርድና 15 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጣሪያው መስተዋት የሆነ አዲስ የሥዕል ቤት አሠራ። ሲጨርሰው አስቀያሚ ሆኖ አገኘው፤ የአካባቢን መበላሸት ሲቃወም ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር በገዛ እጁ በመትከሉ አዘነ። ለሥራው ግን ተስማማ። እያንዳንዱ ሸራ መንኰራኵር ባለው ማቆሚያ ላይ ተዘርግቶ ስለ ነበር፣ ሽማግሌው በመካከል ቆሞ ኩሬውን በዙሪያው እንደ ፈለገ ይገጣጥመው ነበር። በ1918 ደግሞ በኩሬው ዳር የቆመውን፣ ቅርንጫፉን ወደ ውኃው የሚያወርደውን አኻያ ደጋግሞ ሣለ። ፈረንሳዮች ይህን ዛፍ የሚጠሩት አልቃሻ በሚል ቅጽል ነው። እነዚህ ሥዕሎች ከቀሩት ይለያሉ፤ ግንዱ የተጠማዘዘ፣ ቀለሙ የሚያቃጥል ነው።

ጦርነቱ በኖቬምበር 11 ቀን 1918 አበቃ። ሞኔ በማግስቱ፣ ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ለነበረው ለክሌማንሶ ጽፎ፣ ሁለት ሥዕሎች ለአገሩ ለመስጠት መፈለጉን ገለጸ። ክሌማንሶ በሳምንቱ ዢቬርኒ ደረሰ፤ ሁለቱ ሥዕሎች በንግግር ብዛት ወደ መላው ሥራ ሰፉ። መጀመሪያ የታሰበው አዲስ ሕንፃ ወጪው በዛ ተብሎ ሲቀር፣ በ1852 የቤተ መንግሥቱን የብርቱካን ዛፎች ከክረምት ብርድ ለማዳን የተሠራው፣ ኦራንዥሪ የሚባለው ቤት ተመረጠ። ሞኔ ስጦታውን በነፃ ቢሰጥም አንድ ነገር አጥብቆ ጠየቀ። መንግሥት በወጣትነቱ የሠራውን፣ በ1867 ዳኞች አንቀበልም ብለው የመለሱበትን የሴቶችና የአትክልት ቦታ ሥዕል እንዲገዛለት ነበር። መንግሥት በ1921 በ200,000 ፍራንክ ገዛው። በዚያ ሥዕል ላይ ካሚይ አለች፤ ለሥዕሉ ሴቶች የቆመችው እርስዋ ናትና።

ውሉ በኤፕሪል 1922 ሲፈረም ሥራውን በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲያስረክብ ተስማምቶ ነበር። አላስረከበም። የዓይኑ ሞራ ስለ ጠነከረ ቀለሞቹን በቦታቸው ቅደም ተከተልና በቱቦው ላይ ባለው ጽሑፍ እስከ መለየት ደረሰ። በ1923 ቀኝ ዓይኑ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ሁሉ ነገር ቢጫ፣ ሌላ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ እየታየው፣ በመነጽር ላይ መነጽር እየቀያየረ ሠራ። የተናደደ ቀን ሸራ ይቀድዳል፣ ያቃጥላል። ክሌማንሶ በመዘግየቱ እስከ መቀየም ደረሰ። ይህን ሁሉ ለምን እንደ ጻፍሁ ግልጽ ይሁን፤ ሥራው ሰውዬውን ሰላም አልሰጠውም። ምናልባትም ማስረከብ ያቃተው፣ ካስረከበ በኋላ ጧት ዐሥር ሰዓት ላይ የሚያስነሣው ነገር ስለማይኖር ይሆናል። ይህ የእኔ ግምት ነው።

ሞኔ በዲሴምበር 5 ቀን 1926 በ86 ዓመቱ ሞተ፤ በዢቬርኒ ቤተ ክርስቲያን አጠገብም ከቤተ ሰዎቹ ጋር ተቀበረ። በሬሳ ሣጥኑ ላይ እንደ ልማዱ ጥቁር ጨርቅ ተደርጎ ነበር። ክሌማንሶ ለሞኔ ጥቁር አይገባውም ብሎ ገፈፈው፤ በምትኩ አበባ የታተመበት የመስኮት መጋረጃ አለበሰው። ሥዕሎቹ ከዚያ በኋላ ተጓጉዘው በሁለቱ ሞላላ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። 22 ሸራዎች ተገጣጥመው 8 ሥዕሎች ሲሆኑ፣ ጠቅላላ ርዝመታቸው ወደ 90 ሜትር ይደርሳል። ክፍሎቹ በሜይ 1927 ለሕዝብ ተከፈቱ፤ የሚመጣ ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የእኛን ሙያ አያኮራም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሌላ የሥዕል ስብስብ ቦታ ሲፈለግ፣ በክፍሎቹ ላይ የአርማታ ወለል ተጥሎ ሌላ ፎቅ ተሠራ፤ ሞኔ አጥብቆ የጠየቀው የሰማይ ብርሃን ጠፍቶ ሥዕሎቹ አርባ ዓመት ያህል በአምፑል ታዩ። ዢቬርኒም ሚሼል በ1966 በመኪና አደጋ እስኪሞትና ከዚያም በኋላ ጥቂት እንክብካቤ ብቻ ስለ ነበረው ተጎሳቁሎ ነበር፤ በትልቁ የሥዕል ቤት ወለል ላይ ዛፍ በቅሎ ነበር ይባላል። ከ1977 ጀምሮ ኩሬው እንደገና ተቆፍሮ፣ ድልድዩ እንደገና ተሠርቶ በ1980 ለጎብኝ ተከፈተ። ኦራንዥሪ የታደሰው ከ2000 እስከ 2006 ነው። ሸራዎቹ በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ስለ ሆኑ ሊነሡ አልቻሉም፤ ባሉበት በሣጥን ታሽገው፣ በላያቸው ያለው አርማታ ፈርሶ ወጣ፤ ጣሪያው እንደገና መስተዋት ሆነ።

በሥራ ጉዳይ በፓሪስ ባለፍሁ ጊዜ ገብቼ አየሁት። ቀኑ ደመናማ ነበርና ክፍሉ ደብዘዝ ብሎ ነበር። በሁለተኛው ክፍል፣ ከአኻያዎቹ ፊት ባለው መቀመጫ ላይ ጥቂት ሰዎች ያለ ድምፅ ተቀምጠው ነበር፤ እኔም አብሬ ተቀመጥሁ። ደመናው ገለል ባለ ጊዜ ብርሃኑ በተዘረጋው ነጭ ጨርቅ ውስጥ አልፎ ወረደና ውኃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈካ። ከአጠገቤ የነበረች አንዲት አሮጊት ቀና ብለው ጣሪያውን ተመለከቱ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ውኃው።